በሑዳዴ የመጣ የቅቤ ቢላዋ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ በብርድ አገር የእንጀራ ሊጥ እንዴት እንደሚቦካ ጽፈን ነበር። ለዚህ ወር ደግሞ በሰኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትወጣው ፀሐይና ሕፃናትን ለማስተኛት ስለሚያስፈልገው ወፍራም የመስኮት መጋረጃ ለመጻፍ ብዕር አንሥተን ነበር። ነገር ግን ልጃችን በዐቢይ ጾም ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው አንድ ቁራጭ እንጨት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአሳባችን አልወጣምና፣ ስለ መጋረጃው እግዚአብሔር ቢፈቅድ በሌላ ወር እንመለስበታለን።

ይህን ዓምድ ዛሬ ገና ለሚያነብ ሰው ማን እንደ ሆንን በአጭሩ እንናገር። የምንጽፈው ከስዊድን አገር፣ ከኡፕሳላ ከተማ ነው። እኛ ግን የአርሲ ሰው ነን። ተወልደን ያደግነው ሁሩታ ነው። ፊደል የቈጠርነውና ዳዊት የደገምነው በዚያው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲሆን፣ ድቁና ከተቀበልን በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብተን፣ በመጨረሻም በዚያው አገር ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ታሪክ አስተማርን። ባለቤታችን በሙያዋ ሥራ አግኝታ ወደዚህ ከመጣን እነሆ አራተኛ ዓመታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምኩራብ በሚባለው በሦስተኛው የጾም ሳምንት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጃችን ከትምህርት ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠ። ይህ በዚህ አገር እንደ ነውር የሚቈጠር ነው። ከቦርሳውም በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ለእናቱ ሰጣት። ዕቃው ቢላዋ ነው፤ ዳሩ ግን ስለት የለውም። ሁለንተናው እንጨት፣ ምላሱ ሰፋና ሳሳ ያለ፣ እጀታው ጎበጥ ያለ ነው። ስዊድኖች ጧት ጧት ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀቡት በዚህ ነው፤ ይህ ቢላዋ የሌለበትን ቤት ማግኘትም ያስቸግራል። ባለቤታችን አገላብጣ ካየችው በኋላ፣ «ልጄ፣ ቅቤ በስሙ እንኳ ከቤታችን ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» ብላ ሣቀች። ልጁ አልሣቀም። «ለፋሲካ ይሆናል» አለ፤ እውነቱን ነው።

እኛ ቢላዋውን ተቀብለን ወደ አፍንጫችን አቀረብነው። ጥድ ጥድ ይሸታል። በሁሩታ ዝናብ ካባራ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከዛፎቹ የሚወጣው ያ ሽታ፣ በበረዶ አገር፣ በአራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ሕፃን እጅ መጣልን። መምህሩ ለልጆቹ እንደ ነገራቸው፣ ይህን ቢላዋ ከጥድ መሥራት የቈየ ልማድ ነው፤ እንጨቱ ጠንካራ፣ ሽታውም መልካም ነውና። የስዊድን ጥድ ከእኛ ጥድ ጋራ የአንድ ወገን ዛፍ ነው። ነገር ግን የእኛው ሠላሳ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲመዝ፣ የነሱ ብዙውን ጊዜ ከቁጥቋጦ አያልፍም።

ቢላዋው የተሠራበት ትምህርት በአገሩ ቋንቋ «ስሎይድ» ይባላል፤ «የእጅ ሙያ» ብንለው ከትርጕሙ አንርቅም። ወንድ ሴት ሳይለይ ሁሉም ይማረዋል። ወንዱ መርፌና ክር ይዞ ይሰፋል፤ ሴቷም መጋዝና መሮ ይዛ ትጠርባለች። እንደ ሒሳብና እንደ ቋንቋ ሁሉ ማርክ ይሰጥበታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 በፊንላንድ ኡኖ ሲግኔዎስ የሚባሉ ሰው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሲያደራጁ የእጅ ሙያን ከመደበኛው ትምህርት አገቡት። በስዊድን ደግሞ ኦቶ ሳሎሞን የተባሉ መምህር ከ1870ዎቹ ጀምሮ ኔስ በሚባል ስፍራ፣ አጎታቸው ነጋዴው አውግስት አብርሃምሶን እየረዱአቸው፣ ለዚሁ ሙያ የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቁመው ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ መምህራን አስተማሩ።

የሳሎሞን አሳብ ልጆችን ሁሉ አናጢ ለማድረግ አልነበረም። ልጅ ሥራን እንዲወድ፣ ሻካራውን የጕልበት ሥራ እንዲያከብር፣ በራሱ እንዲተማመን፣ ዐይኑና እጁ ትክክልን እንዲለምዱ ነበር። ትምህርቱም ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ይህን ስናነብ የኔታ ትዝ አሉን። በእርሳቸው ዘንድ ግእዙን ሳይጨርስ ወደ ውርድ፣ ውርዱንም ሳይጨርስ ወደ ቁም ንባብ የተሻገረ ልጅ አልነበረምና። ልዩነቱ እነዚያ በእንጨት፣ የኔታ በፊደል ማድረጋቸው ነው። ደግሞም ብራና የሚፍቀው፣ ቀለም የሚበጠብጠው፣ ሥዕል የሚሥለው የቤተ ክርስቲያን ሰው ምን ጊዜም ባለ እጅ ነበር። ይህን ግን በዚያን ዘመን አላሰብነውም።

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንመለስ። ወደዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ባለቤታችን የእመቤታችንን ሥዕል የምናኖርበት፣ መጋረጃ ያለው መደርደሪያ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ትሻ ነበር። ሁሩታ ቢሆን ለአናጢው ቃል እንልክ ነበር፤ መጥቶም እኛ ቡና እስክንጠጣ ሠርቶ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ዋጋ ብንጠይቅ፣ ለአንድ ጧት ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤታችን የሳምንት አስቤዛ በለጠ። በጊዜው ተበሳጨን። ኋላ ግን፣ አንድ ሰው በመዶሻው ሠርቶ ልጆቹን እንደ መምህር ልጆች ማኖር መቻሉ ለምን እንዳበሳጨን ራሳችንን ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

ሳንቃ፣ ሁለት የብረት መደገፊያና ጥቂት ብሎን ገዝተን ሥራ ጀመርን። ግድግዳው ኮንክሪት ነው። የመጀመሪያው ምስማር ጐበጠ፤ ሁለተኛው ጐበጠ፤ ሦስተኛው ልስኑን ይዞ ወረደ። በዚህ መካከል በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት፣ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ስለ ጩኸቱ ሊወቅሱን የመጡ መስሎን የይቅርታ ቃል ስናዘጋጅ፣ በእጃቸው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይዘው አየን። ግድግዳውን ተመለከቱ፤ እኛንም ተመለከቱ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። አራቱን ቀዳዳ ሰርስረው ፊሸሩን ከተው ሄዱ። እኛ የዐሥራ አምስት ዓመት መምህር፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ትቢያውን የሚስበውን መኪና ቱቦ ይዘን ቆመን ነበር።

የቀረውን ለራሳችን ክብር ስንል ብቻችንን ጨረስነው። ከአራቱ ብሎን ሁለቱን አጥብቀን፣ የተቀሩትን ነገ እናስራለን ብለን፣ ሥዕሉንና ስንክሳሩን፣ ዳዊቱንም ጭምር ደርድረን ተኛን። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ሁሉም ወረደ። የሥዕሉ መስታወት ተሰነጠቀ፤ ሥዕሉ ግን አልተነካም። ባለቤታችን ምንም አልተናገረችንም፤ ይህም ከመናገር የከበደ ነበር። ሳንቃው ከአልጋ ሥር ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ ተኛ።

ባለፈው ጥቅምት ከአልጋ ሥር ያወጣው ልጁ ነው። «አባዬ፣ ይሄ ጥሩ እንጨት ነው፤ ለምን ተጣለ?» አለን። ከጎረቤታችን ውኃ ልክ ተውሶ መጣና የቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ከሌላው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ አሳየን። ባልቴቲቱ የሰረሰሩት እኛ በእርሳስ ምልክት ባደረግንበት ላይ ነበርና ጥፋቱ የእርሳሱ ነው። «በዐይንህ አትመነው» አለን፤ ከዚያች ቀን ወዲህም አናምነውም።

አንባብያን በየቤታችሁ ልትሠሩት ብትወዱ፣ ያደረግነው ይህ ነው። ሰማንያ ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ሳንቃ በመጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ሰንበሩን ተከትሎ ይፈተጋል፤ ሰንበሩን አቋርጦ የፈተገ ሰው ጭረቱን ዕድሜ ልኩን ያየዋል። ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ ይቀባል። የእናቶቻችን የጾም ተልባ እዚህ የእንጨት ልብስ ሆኖ ብናገኘው ተደነቅን። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በገዛ ራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላልና፣ ሥራው ሲያልቅ ውኃ አርሶ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። መጋረጃው ከሻማው ይራቅ፤ ሻማውም በሸክላ ሳሕን ላይ ይቁም። በእንዲህ ያለ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ዕጣን ሲያጥን በጣራው ላይ ያለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ይጮኽበታል። ባትሪውን ማውጣት ግን ነውርም አደጋም ነው፤ መስኮት ከፍቶ፣ ማጨሻውን ወደ መስኮቱ አቅርቦ ጥቂት ማጠን ይበቃል።

መደርደሪያው ተሰቅሎ ካለቀ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልተወንም። አርባ ዓመት አልፎን ሳለ መዶሻ አያያዝ ከልጃችን የተማርነው ስለ ምንድር ነው? ሰነፎች ሆነን አልነበረም። የተማረ ሰው እጁን በቀለም እንጂ በቅባት አያቆሽሽም የሚለውን ማንም ሳይነግረን ስለ ተማርነው ነው።

አባታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚተርኩልን አንድ ነገር ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «ካዱ» ይሉታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር፤ በቁሉምሳ ዘር ይመረመር ነበር፤ ለገበሬው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጥ ነበር፤ የእርሻ መሣሪያ የሚያሻሽል ክፍልም ነበረው። (የእህሉን ትርፍ ያዩ ባለ ርስቶች ትራክተር እያስመጡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬት እንዳስለቀቁ ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪክ አስተማሪነታችን ይታዘበናል።) አባታችን ያን ጊዜ ጐልማሳ ነበሩ። ለዘር ወደ አሰላ ቢሄዱ፣ አንድ ነጭ መሐንዲስ ከጋሪ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ሸሚዙ በቅባት ጠቍሮ፣ በገዛ እጁ ብሎን ሲፈታ አዩ። አጠገባቸው ወደ ቆመው ሰው ዘንበል ብለው፣ «ምን አጥፍቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

በዚህ ተረት ስንሥቅ አደግን። የምንሥቀው በአባታችን አልነበረም፤ በነጩ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመንትተናል። በየዓመቱ በታሪክ ትምህርት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እንዳወጡ ለተማሪዎቻችን እናስተምር ነበር። በሰንበት ጉባኤም ስለ ባስልኤል፣ የደብተራ ኦሪትን ዕቃ ይሠራ ዘንድ እግዚአብሔር መንፈሱን ስለ ሞላበት ሰው፣ ጌታችንም በጠራቢው በዮሴፍ ቤት ስለ ማደጉ ተናግረናል። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለታናሽ እኅታችን ሽማግሌ መጣ። ልጁ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ያለው፣ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ምግባሩ የተመሰገነ፣ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ ነበር። አባቱ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ። እኅታችን እንደምትወደው ሁላችን እናውቅ ነበር።

አባታችን ሽማግሌዎቹን ካስቀመጡ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ «አንተ የተማርኸው ምን ትላለህ?» አሉ። እኛም የቀጥቃጭ ልጅ ነው አላልንም። እንዲህ ያለውን ቃል የተማረ ሰው አይናገርም። «አጥንቱ ይጣራ» አልን።

አንባብያን እንደምታውቁት፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ትውልድ መቍጠር የቈየ ሥርዓት ነው። በዚያ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ግን ያልነው ያን እንዳልሆነ ተረድቶአል። ሽማግሌዎቹ ዘንጋቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሱም። ያን ዕለት ጧት በክፍል ምን እንዳስተማርን አናስታውስም፤ የምኒልክ አዋጅ ኖሮ ቢሆን ግን አይደንቀንም። ልጁ ሌላ አግብቶ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። እኅታችን አላገባችም፤ እናታችንን እየጦረች በሁሩታ ትኖራለች። አንድ ጊዜ የእናታችን የግቢ በር ማጠፊያ ተሰብሮ የጠሩት እርሱን ነበር። መጣ፤ በየደ፤ ዋጋውን ተቀበለ። ቡና ቢሉት፣ «ሥራ አለብኝ፣ እማማ» ብሎ ሄደ።

ልጃችን ሁለተኛ ቢላዋ ከእኛ ጋራ በቤት ውስጥ ሠራ፤ ለአክስቱ ነው። እኛ ያደረግነው መፈተጉንና የተልባ ዘይት መቀባቱን ብቻ ነበር። በመንገደኛ እጅ ላክነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ እኅታችን ደወለች።

«ጋሼ፣ ቢላዋው ደረሰኝ። ማን ሠራው?»

«ልጄ ነው የሠራው። ጥቂቱን እኔም አግዤዋለሁ።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «እንግዲህ የአንተም ልጅ ባለ እጅ ሆነ» አለች። «ሚስት ሲፈልግ አጥንቱ ይጣራ የሚል ሰው እንዳይመጣበት።» ሣቀችም፤ ሣቋ ግን አጭር ነበር።

ይህ ቀን እንደሚመጣ ስለምናውቅ የምንናገረውን አስቀድመን በወረቀት ጽፈን ነበር። ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንድ መስመር ትዝ አላለንም። «በድዬሻለሁ» ብቻ አልን።

«ሰምቻለሁ» አለች። «አሁን ግን ሽሮ ጥጃለሁ፤ እማማም ጾማቸውን አልፈታም ብለው እየጠበቁኝ ነው።» ስልኩ ተዘጋ። በዓለ ኀምሳ ስለ ሆነ ጾም አልነበረም፤ ሽሮው ግን ኖሮ ይሆናል።

በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ደወለች። በመጀመሪያ ከባለቤታችን ጋራ ብዙ ተጫወተች፤ ከዚያ ልጁን አስጠራችው። እናታችን ማር የሚያነሡበት ሌላ ቢላዋ እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ፤ ያንን የመጀመሪያውን ለማንም አላውስም ብላለችና። ልጁ እጀታው ምን ያህል ይርዘም ብሎ ጠየቃት፤ እርሷም የእናታችንን እጅ በስንዝር ለክታ ነገረችው።